አርባ አንድ ሁሴን እና አንድ ያልተፈቀደ ፕለጊን

ኮምፒውተር «አልተገኘም» ሲለው እሺ ብሎ ቆቡን አንስቶ የሚሄድ ሰው አለ። እኔ ከዚያ ወገን አይደለሁም። እንዲህ ስል የኮምፒውተር ምሁር እንዳልመስላችሁ። የተማርኩት ታሪክ ነው፤ ያውም ለጥቂት ባለፈ ውጤት። ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቅነው ሁለታችንም ሳንጠየቅ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሮቤ ካለው መሥሪያ ቤቴ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ፕላስቲኩን እንደለበሰ ተቀምጦ አገኘሁት። አየሁት፤ አየኝ። ማናችንም ደስ አላለንም።

መሥሪያ ቤቱ የመሬት ነገር የሚታይበት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ ካለ ለራሱ ይያዘው። ዘመኑ ግንባሩ አገር የሚመራበት፣ ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ መጥቶ ወንበራችንን አዟዙሮ ሲያበቃ ካይዘን የሚባለው ደግሞ ወንበሩን ወደነበረበት የመለሰበት ዘመን ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። «ኃላፊ» ያልኩት የማዘው ሰው ስላለ አይደለም፤ ከሥሬ የነበሩት ሰባት መደርደሪያዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አንዱ ያዘመመ ነበር።

ያን ሰሞን «ወረቀት ይብቃ» ተባለና ከየወረዳው የመጣውን የመሬት መዝገብ ሁሉ በስካነር እያነሳን ኮምፒውተር ውስጥ እንድንከት ታዘዝን። አራት ሰዎች ነበርን። መዝገቡን አንስተን ስናበቃ እያንዳንዱን ፋይል በባለመሬቱ ስም መሰየም ነበረብን። መከራው የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ባልደረባችን ስሙን በግዕዝ ፊደል ይጽፋል። ሁለተኛው ድቁና ቀምሶ ስለነበር በሐመሩ ሐ ካልሆነ እጁ አይሄድም። ሦስተኛዋ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ትጽፋለች፤ የሚጠብቀውን ስታጠብቅ፣ የሚረዝመውን ስታስረዝም አንድ ስም የስክሪኑን ግማሽ ይይዛል። አራተኛው እኔ ነኝ። የእኔ ሞያ ማሳጠር ነበር። ሙሉ ስም መጻፍ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ስለነበር የመጀመሪያዋን ፊደል፣ ቀጥሎ ነጥብ፣ ደግሞ አንዲት ፊደል፣ ደግሞ ነጥብ አድርጌ ወደሚቀጥለው እሸጋገራለሁ። በቀን የሠራሁት ብዛት ከሁሉም ስለሚበልጥ በካይዘን ሰሌዳ ላይ ስሜ በአረንጓዴ ተጽፎ ነበር። ስሜ ግን አላጠረም፤ ሙሉውን ነው የጻፉት።

ሥራው ሲያልቅ ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ አንዲት የመፈለጊያ ፕሮግራም ጫነልን። እኛ «ፈላጊ» አልናት። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ መሐል አንዲት ረጅም ነጭ ሳጥን ብቅ ትላለች። የፈለጋችሁትን ስም ስትጽፉባት ፋይሉን ይዛ ትመጣለች። አሠልጣኙ በራሱ ስም ሞከራት፤ ወዲያው አገኘችው። አጨበጨብን። እሱም አበሉን ተቀብሎ ሄደ።

በማግሥቱ «ሁሴን» ብዬ ጻፍኩ።

ባሌ ውስጥ ገበያ መሐል ቆማችሁ «ሁሴን!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያያችኋል፤ የቀረው ግማሽም የሁሴን አባት ወይ ልጅ ነው። ፈላጊ ግን የሰጠችኝ ስድስት ሁሴን ብቻ ነው። የተቀሩት በሐመሩ ሐ ተደብቀዋል፣ በቁቤ ረዝመዋል፣ በእኔ ሞያ አጥረዋል። ምስኪን ፈላጊ የጻፍኩላትን ፊደል ብቻ እያየች «አልተገኘም» ትላለች።

ወረቀቱን ትተን ኮምፒውተሩን ያመንንበት ጊዜ ነውና ይህ ቀልድ አልነበረም። ቀልድ አለመሆኑን የነገሩኝ አዴ ከድጃ ናቸው፤ «አዴ» እናት እንደማለት ነው።

አዴ ከድጃ ከገሰራ የመጡ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ በትራቸውን ሲያስቀምጡ እንኳ የማያስደግፉ ሴት ናቸው። ባላቸው ሁሴን አደም ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የባላቸው ወንድም «መሬቱ የአባታችን ነው፤ ለወንድሜም አልተመዘገበም» ብሎ ማሳቸውን ሊያርስ ተነሣ። ፍርድ ቤት ሄዱ። ዳኛው «ከመዝገቡ ላይ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ አምጪ» አሉ። እኔ ጋ ሲመጡ አራተኛቸው ነው። ቀጠሯቸው ሐሙስ፤ የመጡት ሰኞ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነገያ፣ አዴ፤ ይቀመጡ።»

«ዛሬስ ሁሴንን አገኘኸው?»

ፈላጊን ጠየቅኳት። በሁለት ዓይነት ሁ፣ በሦስት ዓይነት ሰ፣ በአንድ ዓይነት ተስፋ ጻፍኩላት። የለም። የኮምፒውተር ባለሙያችን ታምራት በዚያ ሲያልፍ ጠራሁት። ታምራት ክፉ ሰው አይደለም። ሥራው «አይፈቀድም» ማለት ስለሆነ እንጂ ልቡ ሌላ ነው። ስክሪኑን ጎንበስ ብሎ አየና ቀጥ አለ።

«ፈላጊው ካላገኘው የለም ማለት ነው» አለ።

«ምኑ ነው የሌለው? ሰውየው፣ መሬቱ፣ ወይስ ወረቀቱ?» አልኩት።

«ሲስተሙ ላይ የለም። ሲስተሙ ላይ ከሌለ ደግሞ...» እጁን በአየር ላይ በተነው። የአዴ ከድጃን ባል ሁለተኛ ቀበራቸው።

አዴ ከድጃ እጁን አዩ፤ እኔን አዩ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ተኛሁ» አሉ በቀስታ፤ «የለም ነው የሚለኝ ይሄ?»

አባቴ ከሆሳዕና በኩል ሸቀጥ ይዞ ሮቤ የገባ ነጋዴ ነው። «የለም» የሚል ነጋዴ ሱቁን ይዝጋ ይል ነበር፤ «ቆዩ፣ ላምጣ» ነው የሚባለው። ስለዚህ «ቆዩ፣ አዴ፤ አመጣለሁ» አልኳቸው። ከየት እንደማመጣ አላውቅም።

በምሳ ሰዓት ጎባ የሚል ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

ጎባ የሄድኩት ዘይቱናን ፍለጋ ነው። ዘይቱና ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነበርን። ኮምፒውተር ተምራ፣ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ በሦስተኛው ወር ከአለቃዋ ጋር ተጣልታ ወጥታ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቶኮፒና ጽሕፈት ቤት ከፍታለች። የጎባ ሰው ማመልከቻ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ከዓመት በፊት ያስጻፈውን ደብዳቤ ሊጠይቃት የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ስሙን ሲነግራት ደግሞ ያኔ እንዳስጻፈው አይደለም።

«ፈላጊያችን ሁሴንን አታውቀውም» አልኳት፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ።

«የትኛውን?»

«ማንኛውንም።»

ሳቀችና ወንበር ገፋችልኝ። እሷም ኮምፒውተሯ ላይ ያችው ነጭ ሳጥን አለቻት። «ሁስን» ብላ፣ አንዷን ፊደል ሆነ ብላ አበላሽታ ጻፈች። ሁሴን በሁሉም ፊደል፣ በሁሉም ርዝመት፣ ግር ብሎ ወረደ።

«ይሄ ምን ዓይነት አስማት ነው?»

«ፕለጊን ነው። ራሴ ነኝ የጻፍኩት። የግሌ ነው፤ ሌላ ማንም የለውም።»

«ፕለጊን ምንድን ነው?»

«ትራክተር አታውቅም? ትራክተሩ ብቻውን አያርስም። ከኋላው ማረሻ ትሰካበታለህ፤ ስትፈልግ ደግሞ መዝሪያ ትሰካበታለህ። ማረሻው ነው ፕለጊን። የእኔ ማረሻ ሀን ከሐ አይለይም፣ ቁቤውን ከግዕዙ ያገናኛል። ሰነፍ ጸሐፊ ስም እንደሚያሳጥርም ያውቃል።»

የመጨረሻዋን እንዳልሰማ አለፍኳት።

ፍላሽ ላይ ገለበጠችልኝ። «አጫጫኑ ቀላል ነው» አለች። ወገኖቼ፣ ባለሙያ «ቀላል ነው» ካላችሁ እንደ ሐኪም «ትንሽ ይቆጠቁጣል» ቁጠሩት። «ፎልደሩን ፕለጊን የሚቀመጥበት ቦታ መጣል፣ ጄሰኑ ላይ የእናንተን ፋይሎች አድራሻ መጻፍ፣ ፈላጊን ዘግቶ መክፈት። በቃ። አንድ ምክር ግን ልስጥህ፤ ማንንም እንዳታስፈቅድ።»

«ለምን?»

«ካስፈቀድክ አይፈቀድማ!»

ማክሰኞ ጠዋት ታምራት ስልጠና ሄዶ ነበር። አዴ ከድጃ ከእኔ ቀድመው ደርሰው በሩ ላይ ጠበቁኝ። መዝገብ ቤት ውስጥ ያለው ወንበር ሁለት ነው፤ በአንዱ እሳቸው ተቀመጡ፤ በሌላው እኔ። ፍላሹን ሰካሁ።

መጀመሪያ የጮኸው ጸረ ቫይረሱ ነው። ከተጫነ ጀምሮ አንድም ቫይረስ ይዞ የማያውቅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፍላሽ ሁሉ በበሽታ ሲረግፍ ያንቀላፋ ዘበኛ፣ የዘይቱናን ፕለጊን ሲያይ ነቃ። «አደገኛ!» ብሎ ዋናውን ፋይል ዋጠው። ከሆዱ ለማስወጣት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ቀጥሎ ፕለጊን የሚቀመጥበትን ቦታ ፍለጋ ሆነ። ዘይቱና በወረቀት የጻፈችልኝን መንገድ ተከትዬ ፎልደር በፎልደር ስገባ መሐል ላይ መንገዱ ጠፋ። ለካ ፎልደሩ የተደበቀ ነው። ቆይቼ እንደተረዳሁት፣ እንደ እኔ ያለ ሰው እንዳይነካው ነው የሚደብቁት። ሠሪዎቹን በዚህ አልወቅሳቸውም።

ያንንም ገልጬ አገኘሁት። ጣልኩት። አድራሻውን ጻፍኩ። ፈላጊን ዘግቼ ስከፍታት ግን ፕለጊኑን እንደማታውቀው ሆነች። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። በግቢያችን ኔትወርክ የሚገኘው ከባንዲራው ምሰሶ ሥር ብቻ ነው። ምሰሶው ከመስኮቴ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። በመሐሉ የዕለቱ ባለጉዳይ ተሰልፏል። ወጥቼ ደወልኩ።

«ጄሰኑን አስተካክለሃል?» አለችኝ ዘይቱና።

«ማን ነው ጄሰን?»

«ሰው አይደለም! የፋይል ዓይነት ነው። ትናንት የነገርኩህ።»

«አስተካክያለሁ።»

«ታዲያ አሁን ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

ሮጬ ገባሁ፣ አየሁ፣ ሮጬ ወጣሁ። እስክመለስ ሌላ ነገር ይላል። እንዲህ አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። በስድስተኛው ትንፋሽ አጠረኝና መስኮቱን ከፍቼ አዴ ከድጃን በእኔ ወንበር አስቀመጥኳቸው። እኔ ከምሰሶው ሥር ሆኜ ስልኩን በአንድ ጆሮዬ፣ አዴ ከድጃን በሌላው ያዝኩ።

«አዴ! ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?» ብዬ ጮህኩ።

«ጽሑፍ!»

«ምን የሚል?»

«ማንበብ ብችል አንተ ጋ ምን አመጣኝ?» አሉ። ሰልፉ ሳቀ።

«እሺ፣ ቀለሙስ?»

«ዲማ! ቀይ ነው፣ ቀይ! እንደ በርበሬ!»

«ቀይ ነው አሉ» አልኩ በስልኩ።

«ጄሰኑ ተበላሽቷል ማለት ነው» አለች ዘይቱና። «ስታስቀምጠው ከስሙ ኋላ ሌላ ቅጥያ ጨምረህበታል። ጄሰን ጄሰን ብቻ ነው መሆን ያለበት!»

እኔም ለራሴ ለማስታወስ፣ ደግሞም አዴ ከድጃ እንዲሰሙኝ፣ «ጄሰንን ከመጨረሻው ማስተካከል አለብን! ጄሰንን ካላስተካከልን መሬቱ አይገኝም!» ብዬ በግቢው መሐል ጮህኩ።

ሰልፉ ጸጥ አለ።

ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም፤ ገብቼ ቅጥያውን መቁረጥ ያዝኩ። ከውጭ ግን ጉርምርምታው ይሰማኛል። አንድ ፎጣ የጠመጠሙ አባት ወደ መስኮቱ ቀረብ ብለው «ኢልማ ኮ፣ ይሄ ጄሰን የሚሉት ፈረንጅ ኢንቨስተር ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሰው አይደለም፣ አባ።»

«ድርጅት ነው? ስንት ሄክታር ነው የሚሰጡት?»

ዘመኑን አስታውሱ። ኢንቨስተር በሚል ስም የመጣ ሁሉ ማሳ ይለካ የነበረበት ወቅት ነው። «አባ፣ ጄሰን መሬት አይወስድም» አልኳቸው። ይህን በማለቴ ነገሩን አባባስኩት። አንድ ሰው መሬት እንደማይወስድ በመንግሥት ሠራተኛ ከተረጋገጠ፣ እንደሚወስድ የታወቀ ነው። ሰልፉ ፈርሶ ክብ ሠራ።

ቅጥያውን ቆርጬ፣ አንዲት የዘለልኳትን ሰረዝ መልሼ፣ ወደ ምሰሶው ሮጥኩ።

«አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣል» አለች ዘይቱና። «ይህ ፕለጊን ከማይታወቅ ሰው የመጣ ነው፣ ታምነዋለህ ወይ ይላል። ዋናዋን ትልቋን ቁልፍ መጫን ነው።»

«አዴ! ጥያቄ መጣ?»

«አንድ ነገር ዘሎ ወጣ!»

«በቀኝ እጅዎ በኩል ያለችውን ትልቋን ቁልፍ ይጫኑ! ያመጣውን ሰው ታምናላችሁ ወይ ነው የሚለው!»

«ማን ነው ያመጣው?»

«የጓደኛዬ ነው! የጎባ ልጅ ናት፣ ዘይቱና ትባላለች!»

«የማን ልጅ?»

ዘይቱና በስልኩ ውስጥ የአባቷን ስም ነገረችኝ፤ እኔ ጮኼ አስተላለፍኩ። አዴ ከድጃ አሰቡ። «አባቷን አውቃለሁ፤ ጥሩ ሰው ነበር» አሉና «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፏን በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ያ ፕሮግራም ያንን ጥያቄ በዓለም ላይ ስንት ሰው እንደጠየቀ አላውቅም። ከልቡ መርምሮ የመለሰለት ግን ከአዴ ከድጃ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ገብቼ «ሁሴን አደም» ብዬ ጻፍኩ። ነጩ ሳጥን ተከፍቶ አርባ አንድ ሁሴን ዘረገፈ። ረጅም ሁሴን፣ አጭር ሁሴን፣ በነጥብ የተቆራረጠ ሁሴን። ጮህኩ፤ አዴ ከድጃም ለምን እንደምጮህ ሳይገባቸው አብረውኝ ጮኹ።

አንድ በአንድ ከፈትኩ። ከገሰራ የመጡ ሁሴን አደሞች ሦስት ሆነው ተገኙ። የአያት ስም በሁለቱ ላይ ደብዝዟል። ሦስቱንም ስክሪኑ ላይ ደረደርኳቸውና የትኛው እንደሆነ በምን እንደማውቅ ግራ ገባኝ። አዴ ከድጃ ግን ፊደሉን ትተው ወደ ታች፣ አሻራ ወዳረፈበት ቦታ፣ አጎነበሱ። የመጀመሪያውን አለፉት። ሁለተኛውን አለፉት። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ።

አሻራው ግማሽ ነው። ከላይ በኩል በስለት እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያልቃል።

«ስንዴ ስናጭድ ማጭድ የበላው ጣቱ ነው» አሉ። «የተጋባን ዓመት ነው። ነጠላዬን ቀድጄ አሰርኩለት።» ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «አካም ጅርታ፣ ሁሴን?» አሉት፤ እንዴት ነህ እንደማለት። እኔ መስኮቱን የምዘጋ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ፊቴን ስመልስ የፋይሉን ስም አየሁት። «ሁ.አ.ገ.» ይላል። ከአራታችን እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። አራት ጊዜ ከገሰራ ያመላለስኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። ለጊዜው ለማንም አልተናገርኩም።

አተምኩና ይዤ ወደ ኃላፊያችን ክፍል ሮጥኩ። ማኅተሙ እሳቸው ጋ ነው። ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላበጡ።

«ባለፈው ሪፖርት አልተገኘም ብለህ አልነበረም?»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው «እንደገና ስፈልግ አገኘሁት» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ደስታ አፌን ፈትቶት ከጎባው ሚኒባስ እስከ ትልቋ ቁልፍ ድረስ ተረኩላቸው።

ወረቀቱን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ባልተፈቀደ ፕሮግራም የተገኘ ሰነድ ላይ ማኅተም አላሳርፍም» አሉ። «ደግሞስ ውጭ የምሰማው ምንድን ነው? ጄሰን ማን ነው?»

በማግሥቱ፣ ረቡዕ፣ ግምገማ ነበር። ድሮም ቀኑ ነው፤ አጀንዳው ግን ተቀይሮ እኔ ሆኛለሁ። ታምራት ከስልጠና ተመልሷል። አዴ ከድጃ ከአዳራሹ በር ውጭ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ነገ ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጄሰን ሰው አለመሆኑን ለማስረዳት ሄደ። ከሁለት ቀበሌ ሰው መጥቶ ጠይቋል አሉ። ታምራት ራሱ ተነስቶ «ጄሰን የፋይል ዓይነት ነው» ሲል አንዳንዱ እሱም ተገዝቷል ብሎ አየው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በመንግሥት ኮምፒውተር ላይ የግል ፕለጊን!» አሉ ኃላፊያችን፣ «የግል» የሚለውን እየረገጡ። «ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ነው። ተነሥና ራስህን ሂስ አድርግ።»

ወግ እንዲህ ነው፦ የተገመገመ ሰው ይቆማል፣ አንገቱን ይደፋል፣ «የግንዛቤ እጥረት ነበረብኝ» ይላል፣ ይቀመጣል። እኔም ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ምን እንዳጠፋሁ ሳይነገረኝ ብዬዋለሁ። ያን ቀን ቆምኩ። አንገቴ ግን አልደፋ አለኝ።

«ጥፋት አለብኝ» አልኩ።

ኃላፊያችን ብዕራቸውን አነሡ።

«የሰው ስም ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። የአዴ ከድጃን ባል በሦስት ፊደል ቀብሬ በካይዘን ሰሌዳ የተመሰገንኩ እኔ ነኝ። ለዚያ ቅጡኝ። ፕለጊኑ ግን ጥፋት አይደለም። ለሱ ሂስ አላደርግም። አሁንም ባገኝ አስገባዋለሁ።»

ኃላፊያችን ብዕራቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

«አልቀመጥም» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ መቆሙ የሚጎዳው እኔኑ ነው።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አዴ ከድጃ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። «ሁሉን ሰማሁ» አሉ፤ «በራችሁ ስስ ነው።» ወደ ኃላፊያችን ቀረቡ። «ልጄ፣ ያ ማሽን ያሳየን የወረቀት ፎቶ ነው አይደል? ፎቶውን አልወደድከውም። ይሁን። ወረቀቱ ራሱ የት አለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ወረቀቱ! ስካን ያደረግነው ዋናው መዝገብ መደርደሪያ ላይ ነው። ፋይሉ ላይ ደግሞ የመደርደሪያው ቁጥር ተጽፏል። በሦስት ቀን ውስጥ ማናችንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህን አላሰብንም። ያለ ቁጥሩ ከሰባት መደርደሪያ ውስጥ አንድ ወረቀት ማግኘት ክረምት ይፈጃል። ቁጥሩ ግን አሁን አለ።

ግምገማው በሙሉ ተነሥቶ ወደ መዝገብ ቤት ተከተለኝ። ያዘመመው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው፣ ከግራ አሥራ አራተኛው ጥቅል። አቧራውን እፍ አልኩት፤ ኃላፊያችን አስነጠሱ። ገለጥኩት። ግማሽ አሻራው ቁጭ ብሏል፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

ኃላፊያችን አሻራውን አዩ፤ የአዴ ከድጃን ፊት አዩ። ከኪሳቸው ማኅተሙን አወጡ። «ከዋናው ጋር የተገናዘበ» ብለው ጻፉበትና መቱት። ሲመቱት ግን እኔን እያዩ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አዴ ከድጃ ከፍርድ ቤት በቀጥታ መጡ። የባላቸው ወንድም ቅጂውን ሲያይ «የወንድሜ ጣት ነው» ብሎ ዳኛው ፊት ማልቀሱን ነገሩኝ። ማሳውን ለቋል። «ክፉ አይደለም፤ ሰው ነው የመከረው» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው «ረቢ ሲ ሀ ጀቤሱ» አሉኝ፤ አምላክ ያበርታህ የሚል ምርቃት ነው። በርግጥም ማበርታት ያስፈልገኝ ነበር፤ ዓርብ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሥሩ «ስለመድረሱ ይፈርሙ» ይላል። ፈረምኩና ከፊርማዬ በታች «ደርሶኛል፤ አልተቀበልኩትም» ብዬ ጻፍኩ።

ታምራት ፕለጊኑን ሊያወጣ መጣ። ትእዛዝ ነው። ከጎኑ ቆሜ እንዴት እንደሚያወጣው ተመለከትኩ። የተደበቀውን ፎልደር ሲያጣው መንገዱን አሳየሁት። አጠፋው፤ ሄደ። ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍቼ፣ ባለጉዳዩ እያየኝ፣ እንደገና ጫንኩት። ያን ጊዜ የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ ነው። ጄሰንን አንዴ ካወቃችሁት እንደሚባለው ክፉ አይደለም።

ማክሰኞ ታምራት መጥቶ አወጣው። ረቡዕ መለስኩት። እንዲህ ሁለት ሳምንት ቆየን፤ ሰላምታችን ግን አልጎደለም፤ አንድ ቀን እንዲያውም ምሳ አብረን በላን። በድምሩ ታምራት አራት ጊዜ አወጣው፤ እኔ አምስት ጊዜ አስገባሁት። ቁጥሩን እዚያ ላይ ተውነው።